ጨጓራም ታይሮይድም ላለባችሁ፦ ከየት ትጀምራላችሁ?

አንገቷ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራዋ ስለቀነሰ፣ እማዬ የታይሮይድ ክኒን መዋጥ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት። በ50 ማይክሮግራም ጀመረች። ወደ 75 ከፍ አለ፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 125። ክኒኑ ይጨመራል፣ እሷ ግን ያው ናት። ጎንደር አዘዞ በጠራራ ፀሐይ ደጃፍ ላይ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። ይበርዳታል፣ ይደክማታል፣ ሆዷ ይደርቃል። በዚያ ላይ የቆየው ጨጓራዋ አለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ዓይነት ነገር ሆነባት።

ሁለቱን ሕመም ለየብቻ ነበር የምናሳክማት። ጨጓራዋን አንድ ክሊኒክ፣ ታይሮይዷን ሌላ ቦታ። አንዱ ሐኪም ሌላው ምን እንዳዘዘላት አያውቅም፣ እኛም ትዝ ብሎን አንነግርም። በኋላ አንዲት ሐኪም ካርዷን አገላብጠው አዩና «እናቴ፣ ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?» አሏት። «በተልባ ነዋ፣ ጨጓራዬን እንዳይነካኝ» አለች። ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ጨጓራዎ ውስጥ ባክቴሪያ አለ ተብለው ያውቃሉ?» ሲሉ ቀጠሉ። እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ።

ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ ይባላል። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 አገኙት፣ በ2005 ደግሞ ለዚሁ ሥራቸው ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያ በፊት የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ነበር የሚባለው። እኛ ሰፈር ዛሬም ጥፋተኛው በርበሬው ነው። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ ከቤተሰብ ይይዛል። ካልታከመ ዕድሜ ልክ ጨጓራ ውስጥ ይኖራል፤ የሚበዛው ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ነው የሚኖረው።

ከታይሮይድ ጋር ምን አገናኘው? እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ አታቀላቅሏቸው።

አንደኛው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የሚያመርተው አንቲቦዲ ተሳስቶ የታይሮይድ ዕጢን ያጠቃ ይሆናል። ሃሺሞቶና ግሬቭስ የሚባሉት የታይሮይድ በሽታዎች ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጡ ናቸው። አንዳንድ ጥናቶች ባክቴሪያው በእነዚህ ሕመምተኞች ላይ በዝቶ አግኝተውታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ምንም ልዩነት አላዩም። ባክቴሪያው በሽታውን እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ስለዚህ «ባክቴሪያውን አጥፋ፣ ታይሮይድህ ይድናል» የሚላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሁለተኛው ግን በደንብ የታወቀ ነው፣ እማዬንም የነካት እሱ ነው። የታይሮይድ ክኒን፣ ማለትም ሌቮታይሮክሲን፣ በደንብ ሟሙቶ ወደ ደም እንዲገባ የጨጓራ አሲድ ያስፈልገዋል። ባክቴሪያው ጨጓራን ለዓመታት ሲያቆስል አሲዱ ሊቀንስ ይችላል። ክኒኑን ትውጣላችሁ፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው ግን ጎዶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጣሊያን ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት በባክቴሪያው ወይም በሳሳ የጨጓራ ግድግዳ ምክንያት ጨጓራቸው የተጎዳ ሰዎች ከሌሎቹ ከ22 እስከ 34 በመቶ የሚበልጥ መጠን አስፈልጓቸዋል። የእማዬ ክኒን ለምን በየጊዜው እንደሚጨመር መልሱ ከፊሉ ይኼ ነበር። ከፊሉ ደግሞ ተልባው።

እና ከክኒኑ አዋዋጥ ጀምሩ፤ ምንም ወጪ የለውም። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ከዚያ ቁርስም ቡናም ሳይነኩ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት ነው። ቡናው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እማዬ 12 ሰዓት ላይ ትውጥና ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እስኪፈላ ድረስ ሰዓቱ ይሞላላታል፤ አቦሉን የምትጠጣው ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። ተልባ ለጨጓራ ደስ ይላል፣ ያለሰልሳል፣ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም፤ እንደሱ ያለ አሰር የበዛበት ነገር ደግሞ ክኒኑን ወደ ደም እንዳይገባ ሊይዘው ይችላል። ከሰዓት ጠጡት። የብረት ክኒን፣ ካልሲየም፣ ለቃር የሚታኘከው ክኒንና ነጩ የጨጓራ ፈሳሽ ከታይሮይዱ ክኒን በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቁ። ኦሜፕራዞል የምትወስዱ ከሆነ ለታይሮይድ ሐኪማችሁ ንገሩ፣ አሲድ ስለሚቀንስ መጠኑን ይለውጠዋል።

ጾም ሲመጣስ? ይኼ ጎንደር ላይ ዋና ጥያቄ ነው። ፍልሰታ ሲገባ እማዬ ክኒኑን እስከ 9 ሰዓት ታቆየውና ከምግቧ ጋር ትውጠው ነበር። አስራ አምስት ቀን ሙሉ! የንስሐ አባቷ መድኃኒት በውኃ መዋጥ ለታመመ ሰው እንደማይከለከል ነገሯት፣ ልቧ ግን እሺ አላለም። መላ ያገኘነው ከሐኪሟ ነው። ክኒኑ ማታ፣ እራት ከተበላ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይቶ፣ ሊተኙ ሲሉም ይዋጣል። 1 ሰዓት ላይ እራት፣ 4 ሰዓት ላይ ክኒን። ጾሙም አልተነካ፣ ክኒኑም ሥራውን ሠራ። እናንተም ሰዓት ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁና አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ፤ ዛሬ ጠዋት ነገ ማታ አይሆንም።

ምርመራው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል

ብዙ ቦታ የሚሠራው የደም ምርመራ ነው። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን የሚያሳየው አንቲቦዲን ነው፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም አንቲቦዲው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። በዚህ ምክንያት የዳነ ሰው «አሁንም አለብህ» ተብሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ሲውጥ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ጠይቁ። እሱ አሁን ያለውን ነው የሚያሳየው። የትንፋሽ ምርመራም አለ፣ በየቦታው ግን አይገኝም። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ለ4 ሳምንት መቆም አለባቸው፣ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ማቆም መቻላችሁን ግን ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ፣ በተለይ ደም ያፈሰሰ ቁስለት ከነበረባችሁ።

ከተገኘባችሁ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የ14 ቀን ነው። ሁለት አንቲባዮቲክና አንድ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ። አፍ ይመርራል፣ ሆድ ይረበሻል። በአምስተኛው ቀን ሲሻላችሁ አታቁሙ፣ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ቀጥሎ ለማጥፋት ከባድ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ መጀመሪያውኑ ተናገሩ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ የሆነው አሞክሲሲሊን የዚያው ዘር ነው። ሜትሮኒዳዞል ካለበት ጠላም ጠጅም ቢራም ይቅር። የታይሮይዱን ክኒን በነዚህ ቀናት አታቋርጡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ የባክቴሪያው ሕክምና ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይደረጋል፣ የታይሮይዱ ክኒን ግን ለጽንሱም ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን ከጨረሳችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይታችሁ ሰገራውን እንደገና ተመርመሩ። በደም አይደለም፣ በሰገራ።

ይኼኛውን ደግሞ እባካችሁ አትርሱ። ባክቴሪያው ሲጠፋ ክኒኑ በደንብ ወደ ደም መግባት ሊጀምር ይችላል። ትናንት ያልበቃችሁ 125 ዛሬ ሊበዛባችሁ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያልባችኋል። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች ይለካ፤ ክኒኑ ማነሱን ወይም መብዛቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ነው፣ ክኒኑ ሲያንስ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ከዚያ ቀድሞ ቢለካ ቁጥሩ ገና አልተረጋጋም። የአዋዋጡን ሰዓት ስታስተካክሉም እንደዚሁ ነው። ክኒኑን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አትጨምሩም።

አንገቱ ያበጠ ሁሉ ግን የባክቴሪያ ጣጣ አለበት ማለት አይደለም። የእኛ ደጋ አገር እንቅርት የቆየ ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ቅዳሜ ገበያ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ይልቅ የታሸገውንና አዮዲን ያለበት ተብሎ የተጻፈበትን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። የአዮዲን ክኒን ግን በራስ ፈቃድ አይጀመርም።

ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ በፍጥነት የሚያድግ የአንገት እብጠት ወይም የድምፅ መጎርነን ካለ ይኼን ሁሉ ተዉትና ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ለቀጠሮ ስትሄዱ የሁሉንም መድኃኒት ካርቶን በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የጨጓራውንም የታይሮይዱንም፣ ተልባና ፌጦ የምትወስዱ ከሆነ እሱንም ተናገሩ። እማዬ ፌስታሏን ይዛ ነው የምትሄደው። ባለፈው ቲ.ኤስ.ኤችዋ ከመደበኛው በታች ወርዶ ተገኘ፣ ክኒኑ በዝቶባታል ማለት ነውና ከ125 ወደ 100 አወረዱላት። ጋቢው አሁን የሚወጣው ማታ ማታ ነው።