ብሬከሩ እየደጋገመ ሲጥል፦ ጥፋቱን በየተራ ማደን

ካውያው ሞቆ ሸሚዙን ዘርግታችኋል። ቀጭ! ይልና ግማሹ ቤት ይጨልማል። ሄዳችሁ ብሬከሩን ታነሱታላችሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጥላል። በሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው "ይሄ ብሬከር ተበላሽቷል፣ ይቀየር" ይላል።

አልፎ አልፎ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብሬከሩ ሥራውን፣ አደጋ ሲኖር መብራቱን መቁረጡን፣ እየሠራ ነው። ደግሞም እንዴት እንደጣለ ላስተዋለው ሰው ብዙ ነገር ይናገራል። ከመጣሉ በፊት ምን በርቶ ነበር? ወዲያው ነው የጣለው ወይስ ቆይቶ? ድምፅ ነበረው? ዝናብ ነበር? ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን አስታውሱ።

መጀመሪያ ግን ጥንቃቄ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ የጠቆረ ሶኬት ካያችሁ፣ ወይም ዕቃ ስትነኩ ንዝረት ከተሰማችሁ ብሬከሩን አታንሱት። ወደ ባለሙያ ደውሉ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ደግሞ እጃችሁ ደረቅ፣ እግራችሁ ጫማ ውስጥ ይሁን። የብሬከር ሳጥኑን ክዳን ፈትታችሁ ውስጡን አትነካኩ። ዋናው ብሬከር ቢወርድም ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ኃይል እንዳለው ነው።

የትኛው ነው የጣለው?

የሳጥኑን በር ብቻ ክፈቱና እዩ። ትናንሾቹ ብሬከሮች ላይ 10፣ 16 ወይም 20 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚችሉት አምፔር ነው። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከእነሱ ሰፋ ያለ፣ የሙከራ ቁልፍ ያለበት አንድ ብሬከር ይኖራል። ይሄኛው ሥራው ሌላ ነው። በፌዝ (ኃይል በሚያመጣው ሽቦ) የሄደው ኃይል በኒውትራል (በሚመልሰው ሽቦ) ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይቆጣጠራል። ሒሳቡ ከጎደለ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ምናልባትም በሰው አካል በኩል። ቤት ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊአምፔር ሲጎድል ይጥላል። ሁለቱን ሥራ አጣምሮ የሚሠራ ብሬከርም አለ።

አጣጣሉን አንብቡ

ትንሹ ብሬከር ዕቃው ከበራ በኋላ ቆይቶ ከጣለ ጭነት በዝቶበታል። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ቀጭን ልሳን አለ። ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ማስፈንጠሪያውን ይለቃል። ለመሞቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው የሚዘገየው። እስኪቀዘቅዝም አልነሳ ሊል ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ስጡት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 16 አምፔር በ220 ቮልት ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል። 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ፣ 1,500 ዋት ካውያ ሲጨመርበት 3,500። ድንበሩ ላይ ናችሁ። አንድ ሰው መጥቶ 2,000 ዋት ማሞቂያ ከሰካ 25 አምፔር ደረሳችሁ። ብሬከሩ ትንሽ ይታገሳል፣ ከዚያ ይጥላል። ዋቱ ዕቃው ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ደምሩት። የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ከባድ ነው፤ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀርና አምፖል ግን ከቁጥር አይገቡም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ከባዶቹን በተለያየ መስመር መሰካት ወይም በየተራ መጠቀም ነው። በማከፋፈያ መሰካት ለውጥ አያመጣም። ቀዳዳው በዛ እንጂ መስመሩ ያው ነው።

ገና ስትሰኩት ወይም ስታበሩት ቷ! ብሎ ከጣለ ኮንታክት አለ፤ ፌዝና ኒውትራል ተነካክተዋል። እዚህ ላይ ልሳኑ እስኪሞቅ አይጠበቅም። በብሬከሩ ውስጥ ያለው የማግኔት ጥቅል በቅጽበት ይጥለዋል። የዕቃውን ገመድ አንገቱ ላይ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። የካውያ ገመድ ከካውያው የሚወጣበት ቦታ ሁልጊዜ ሲጠማዘዝ ይውላል፤ ላስቲኩ ተሰንጥቆ መዳቡ ብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል አይሆንም፤ ገመዱ ይቀየር።

የሙከራ ቁልፍ ያለው ከጣለ ደግሞ የሚያፈስ ነገር ፈልጉ። ተጠርጣሪዎቹ ውሃና ሙቀት ያሉበት ዕቃዎች ናቸው፦ ቦይለር፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ምድጃ፣ የደጅ መብራት።

አሁን ወደ ማጣራቱ

በወደቀው መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ንቀሉ። ማጥፋት ሳይሆን መንቀል። ብዙው ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው። የዕቃው ኒውትራል ከአካሉ ጋር ከተነካካ፣ ዕቃው ጠፍቶም ቢሆን የሙከራ ቁልፍ ያለውን ብሬከር ሊጥለው ይችላል። ፍሪጁ ጀርባ ያለውን ስፒና አትርሱ። ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው።

ብሬከሩን አንሱ። ጥሎ መሀል ላይ የሚቆም ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ እስከ ታች አውርዱት፣ ከዚያ ወደ ላይ ግፉት። ይሄን ባለማወቅ ስንቱ "አልነሳ አለ" ብሎ ባለሙያ ጠርቷል።

ባዶውን ከቆመ፣ ጥፋቱ ከነቀላችሁት ውስጥ ነው። አንድ በአንድ እየሰካችሁ አብሩ። አትቸኩሉ። በተለይ የሚያሞቅ ዕቃ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ጠብቁ። የቦይለር ማሞቂያ ብረት ስንጥቅ ይዞ ውሃ ሲያስገባ፣ አንዳንዴ ቀዝቃዛ እያለ ደህና ነው፤ ሲሞቅ ነው ማፍሰስ የሚጀምረው። አሥር ደቂቃ ሠርቶ ስለሚጥል ጭነት የበዛበት ይመስላል። አንድ ዕቃ በተሰካ ቁጥር የሚጥል ከሆነ ግን አገኛችሁት። ለማረጋገጥ ዕቃውን ሌላ ክፍል ወስዳችሁ እየሰካችሁ መሞከር አያስፈልግም። ለብቻው አስቀምጡትና ይጠገን።

እያንዳንዱ ለብቻው ደህና ሆኖ ሁሉም ሲሰካ የሚጥል ከሆነ፣ ወይ ጭነት ነው፣ ወይ ደግሞ ብዙ ዕቃዎች ትንሽ ትንሽ እያፈሰሱ ተደምረው ነው።

ሁሉም ተነቅሎም ከጣለ ነገሩ ግድግዳው ውስጥ ወይም ስፒና በሌላቸው ዕቃዎች ላይ ነው። በቅርብ ምስማር ተመትቷል? ግድግዳ ተበስቷል? የሙከራ ቁልፍ ያለው ከሆነ የሚጥለው፣ ትናንሾቹን ሁሉ አውርዱ፣ እሱን አንሱ፣ ከዚያ ትናንሾቹን በየተራ አንሱ። የትኛው ላይ እንደሚጥል ታያላችሁ። በዚያ መስመር ላይ ያለውን ክፍል ወይም ዕቃ ትለያላችሁ፤ ሽቦውን መፈተሽ የባለሙያ ነው።

እኔን ለሳምንታት ያንከራተተኝ ዝናብ ነበር። ሌሊት ሲዘንብ ይጥላል፣ ረፋድ ላይ ሳነሳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቦይለሩን ጠረጠርኩ፤ ማጠቢያውን አስፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። በኋላ አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ ዋናውን አውርጄ የደጁን አምፖል ሽፋን ፈታሁት። ጣት የሚያህል ውሃ ተጠራቅሞ፣ የሞቱ ጉንዳኖች ተንሳፍፈውበታል። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፀሐይ ሲወጣ ሶኬቱ ስለሚደርቅ ነው ለካ ረፋድ ላይ የሚታረቀን። ላስቲኩ ተቀየረ፣ ነገሩም አበቃ።

የማይደረገው

16ቱ ሲያስቸግር አውጥቶ 32 መግጠም። ይሄን የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ ምክሩን ተዉለት። ብሬከሩ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው። ለ16 የተዘረጋ ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ብሬከሩ ግን ምንም አይልም። እሳቱ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚጀምረው። ብሬከሩን ከላይ በእንጨት ደግፎ ማሰርም ያው ሞኝነት ነው። ብዙው ብሬከር እጀታው ተይዞም ቢሆን ውስጡ ይጥላል፤ እናንተ ግን ምልክቱን አጣችሁ።

ብሬከሩ ራሱ የሚጠረጠረው ጭነቱ ትንሽ ሆኖ ሲጥል፣ እጀታው ሲላላ ወይም ስትነኩት ሲያቃጥል ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦው የታሰረበት ብሎን ላልቶ ይገኛል። የላላ ብሎን ይሞቃል፣ ሙቀቱ ልሳኑን ያጎብጣል፣ ብሬከሩም ጭነት ሳይበዛበት ይጥላል። ማጥበቁ ወይም መቀየሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው።

ሠራተኛ ስትጠሩ "መብራቱ ያስቸግራል" ብላችሁ አትተዉት። የቱ ብሬከር እንደጣለ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ምን በርቶ፣ ምን ተነቅሎ እንደሞከራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። በዚያው አጋጣሚ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ ጠይቁትና በየብሬከሩ ሥር ጽፋችሁ ለጥፉ።