ለሁለት ሰው የምትበቃ የኤሌክትሪክ ድስት

ሐዋሳ ሆናችሁ ወደ አሜሪካ ወይም ካናዳ ሻንጣ እየሸከፋችሁ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማብሰያችሁን ለጎረቤት ስጡት። አገር ቤት መብራቱ 220 ቮልት ነው፤ አሜሪካና ካናዳ 120። ከአገር ቤት የመጣ ምድጃ እዚህ 120 ላይ ቢሰካ ጉልበቱ ከሲሶ በታች ይወርዳል፣ ሽንኩርት እንኳ አያቁላላም።

የተገላቢጦሹ ይብሳል። ለእናቴ ከዚህ የላክሁላት ድስት ሐዋሳ ገና እንደተሰካ ጪሱን ለቀቀው። «ልጄ፣ ሽሮው ሳይገባ እሱ በሰለ» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከታቹ ያለውን የቮልት ቁጥር አላየሁም። ጀርመን ወይም እንግሊዝ ለሚሄድ ይህ ችግር የለም፣ እዚያ 230 ነው። እንግሊዝ ሶኬቱ ብቻ ይለያል።

በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስት ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ «10 በ1»፣ «13 በ1» የሚሉት ካርቶኖች አያደናግሯችሁ። ሩዝ የሚለውም ሾርባ የሚለውም ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው አንድ ነው፤ የሚለየው ደቂቃው ነው። ለእኛ ሰው ወሳኙ ክዳኑ ተከፍቶ የሚጠብሰው ቁልፍ ነው። ያለ እሱ ቁሌት የለም። የውስጡ ድስት የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ሽንኩርት ስናማስል የማያጣብቀው ቅብ ቶሎ ይላጣል። እንጀራ ይጋግራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

መጠኑ? ለሁለት ሰው ባለ 3 ሊትር ይበቃል። ቅዳሜና እሁድ ቤታችሁ ሰው የሚሞላ ከሆነ 6 ሊትር ግዙ፣ ዶሮ ወጥ በትንሿ አይሆንም። ሁለቱም ቢሆኑ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞሉም። ምስርና ባቄላ ደግሞ ከግማሽ አይለፉ፣ አረፋቸው የእንፋሎት መውጫውን ይዘጋል።

ቀይ ቦሎቄ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥሬውን ቀስ ብሎ በሚያበስለው ቁልፍ ጥዳችሁ ሥራ አትሂዱ፤ በደንብ ካልፈላ መርዙ አይጠፋም፣ ሆድ ያውካል። አሳድሩትና የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉት። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ በግፊት አብስሉት።

ሰዓቱም ይለወጥባችኋል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ከተማ ከገባችሁ 100 ነው። የለመዳችሁትን ያህል የቀቀላችሁት ድንች ይፈርሳል።

ሽሮ ክዳን አትክደኑበት፣ ወፍራም ስለሆነ ከታች ያራል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደሉን ዓሣ ሾርባ የናፈቀም ክፍቱን ይሥራው፤ ዓሣ በግፊት ይበታተናል።

የክዳኑን ጎማ ሁለት ግዙ። በርበሬ ከነካው ሽታው አይለቅም፣ በዚያው ጎማ የረጋ እርጎ ወጥ ወጥ ይላል።

ለእናቴ ሌላ ድስት ልኬላታለሁ፣ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አንብቤ። እስካሁን አልሰካችውም።