ለደጋ ሰው፦ ኮቺን እንዴት ማየት እንደሚቻል

ኮቺ የሄድኩት ታላቅ ወንድሜን ለማስታመም ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ፣ በዓረብ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። እሱ ሲተኛ እኔ እወጣ ነበር። ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከመንዝ በሽተኛ ይዞ ወይም ለትምህርት የሚሄድ ሰው እኔ የደከምኩትን እንዳይደክም ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ቢጫ ካርድ። ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ክትባቱን ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወጋት አለባችሁ። ካርዱ ከሌለ እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊያስገቧችሁ ይችላሉ። በሽተኛ ይዞ እዚያ መቀመጥን አስቡት። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር በላስቲክ እሰሩት።

ጋቢውን ቤት ተዉት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ኮቺ ከባሕሩ እኩል ተኝታለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ አክምባሎ ሲነሳ ፊት የሚመታው እንፋሎት ነው የተቀበለኝ። ላቡ አይደርቅም። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ውጡ፣ ቀኑን ጥላ ውስጥ አሳልፉ፣ 10 ሰዓት ላይ እንደገና ውጡ። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል ይቀድማል። ዝናቡ እንደኛው ከሰኔ ጀምሮ ይበረታል፤ ከቻላችሁ በታኅሣሥና በጥር ሂዱ።

በየብሱ በኩል ካለው ከአዲሱ ከተማ፣ ከኤርናኩላም፣ ወደ አሮጌው ሰፈር፣ ወደ ፎርት ኮቺ፣ በታክሲ አትሂዱ። በጀልባ ተሻገሩ፤ ዋጋው ጥቂት ሩፒ ነው፣ ነፋሱም ያሳርፋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 ሥራ የጀመረ ዋተር ሜትሮ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሄድ ጀልባም አላቸው። መንገድ ስትጠይቁ ሰውየው አንገቱን ግራና ቀኝ ቢወዘውዝ እምቢ ያላችሁ እንዳይመስላችሁ። እሺ ማለቱ ነው። ሕንዳዊ መምህር ያስተማረው ሰው ይህን ያውቃል።

ማዶ እንደወረዳችሁ የቻይና መረቦች የሚባሉትን ታያላችሁ። ከረጃጅም ግንድ የተሠሩ ናቸው። በአንድ በኩል መረቡ ተንጠልጥሏል፣ በሌላው በኩል ማመዛዘኛ ድንጋዮች በገመድ ታስረዋል። ሰዎቹ መረቡን ባሕር ውስጥ ይዘፍቁታል፣ ትንሽ ቆይተው ገመዱን እየተጋገዙ ስበው ያወጡታል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። እናንተንም ጎትቱ ብለው ሊጋብዟችሁ ይችላሉ፤ ከጎተታችሁ ትንሽ ጉርሻ ስጡ።

ከዚያ በእግር ቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ፖርቹጋሎች እንደ ፈረንጆቹ በ1503 የመሠረቱት ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 ኮቺ ሞቶ እዚህ ተቀበረ፤ በኋላ አፅሙ ወደ ሊዝበን ተወሰደ። ልጁ ክሪስቶቫው ደግሞ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ እኛ ሀገር መጥቶ፣ ከኢማም አሕመድ ጋር ተዋግቶ በ1542 የሞተው ነው። መቃብሩ ሥፍራ ቆሜ ይህን ሳስብ ሰውነቴን ወረረኝ።

ስለ ጾም በደንብ ስሙኝ። ምግብ ቤቱ ላይ ‘ቬጅ’ የሚል ስታዩ የጾም ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት እንጂ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይገባበታል። እኔ የመጀመሪያውን ረቡዕ ሳላውቅ በእርጎ ገደፍኩ። ‘ኖ ሚልክ፣ ኖ ከርድ፣ ኖ ጊ’ በሉ፤ ከርድ እርጎ፣ ጊ የነጠረ ቅቤ ነው። ዶሳ በዘይት ይጋገርላችሁ። የሩዝና የምስር ሊጥ ተቦክቶ የሚጋገር ስለሆነ ኮምጠጥ ይላል፣ እንጀራ የናፈቀ ሆድ ይቀበለዋል። በቀኝ እጅ ነው የሚበላው፣ እዚያ ላይ አትቸገሩም።

ቁንዶ በርበሬና ሄል ከፎርት ኮቺ አጠገብ ካለው ከማታንቸሪ ሰፈር ግዙ፣ ሀገሩ ነው።

እሑድ ኦርቶዶክሶቹ ዘንድ ሂዱ። የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር እህት ናት፤ አባቶቻቸው በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለጉባኤ መጥተው ነበር። እዚያም ጫማ ይወለቃል። ነጠላችሁን እንዳትረሱ። እኔ ለብሼ ስገባ አንዲት እናት ጥለቱን በጣቶቻቸው ዳሰሱ። ከዚያ የራሳቸውን ነጭ ልብስ ጫፍ አነሡና ወርቅማ ጥለቱን አሳዩኝ። ቋንቋ አልነበረንም። ጠጋ አሉና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።