በበዓል ሰሞን ቆላ ሲወርዱ ከወረርሽኝ እንዴት መጠንቀቅ እንደሚቻል

ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከሰበታ ተነስቶ ለመስቀልና ለጊፋታ ወደ ሀገር ቤት የሚወርድ ሰው ስለ ጤናው ብዙም አይጨነቅም። «ያደግኩበት እኮ ነው፤ ምን እሆናለሁ?» ይላል። ይህ አያዋጣም። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ወባ እምብዛም አይዛመትባትም፤ አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ ላይ ዓመታት የቆየ ሰው በልጅነቱ ያዳበረው የመቋቋም አቅም እየደከመ ይሄዳል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቹ ደግሞ ከነጭራሹ የላቸውም። ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ልክ በበዓሉ ሰሞን።

1. ከመነሳትዎ በፊት ያጣሩ

ዘመድ ጋ ደውለው «እንዴት ናችሁ?» ቢሉ መልሱ «ደህና ነን፣ ኑ ብቻ» ነው። እንግዳ እንዳይቀር ሲባል በሽታ አይነገርም። ስለዚህ ጥያቄዎን ያጥብቡ፤ በሰፈሩ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው አለ? ጤና ጣቢያው በትኩሳት ሕሙማን ተጨናንቋል? የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው የሚቀዳው? የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335ም ይጠይቁ።

2. ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጤና ጣቢያ ይሂዱ

ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ይህን አይዝለሉት። የወባ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪም ይወስን። ከጉዞ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱም በኋላ የሚቀጥል ስለሆነ በዋዜማው ፋርማሲ ሮጦ የሚገዛ ነገር አይደለም። የልጆቹን የክትባት ካርድም ይዩ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል።

3. ሻንጣው ውስጥ

ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት)፣ የውሃ ማከሚያ፣ ሳሙና፣ ኬሚካል የተነከረ አጎበር። ዘወትር የሚወስዱት መድኃኒት ካለ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የተጫነ ሻንጣ መንገድ ላይ አይወርድልዎትም።

4. አውቶቡስ ውስጥ

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተሳፈረ ሁሉ ትልቁ ጠላቱ ነፋስ ይመስለዋል። መስኮት ከፈቱ ማለት ከኋላ ወንበር እስከ ረዳቱ ድረስ ጠብ ጫሩ ማለት ነው። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ጉንፋንና ኩፍኝ የሚተላለፉት በታፈነ አየር ነው። ቀድመው ደርሰው በመስኮት በኩል ይቀመጡ፣ ቢያንስ ጣት የምታህል ክፍተት ይተዉ። ጎረቤትዎ ካጉረመረመ ጋቢዎን ያቀብሉት። የሚያስል ሰው አጠገብ ከሆኑ ጭምብል ያድርጉ።

5. ውሃና ምግብ

ኮሌራ፣ በተለምዶ አተት የምንለው፣ በተበከለ ውሃና ምግብ ይገባል። በነሐሴ 2014 ባሌ ውስጥ የጀመረው ወረርሽኝ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛምቷል። ውሃ ሲያፈሉ ከተንተከተከ በኋላ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች 3 ደቂቃ፣ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ያቆዩት፤ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሆነ ነው። ማከሚያ ከተጠቀሙ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብበው 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ደፍራሽ ውሃ ግን አስቀድሞ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል። ለምሳ ሲወርዱ ትኩስ የሚጨስ ወጥ ይዘዙ። ሰላጣ፣ ባልፈላ ውሃ የተበጠበጠ ብርዝ፣ ጥሬ ሥጋ ይቅርብዎ። በዓል መሆኑን አውቃለሁ፤ ክትፎውን አብስለው ይብሉት።

6. ማታና ለቅሶ ቤት

የወባ ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አጎበሩ ጫፉ ፍራሽ ሥር ይጠቅጠቅ። ለቅሶ ከገጠመዎት ደግሞ ወረርሽኝ በተነገረበት አካባቢ አስከሬን አይንኩ፣ አይጠቡ። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የተረጋገጠው ማርበርግ የተባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ፣ ኮሌራም ጭምር፣ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ።

7. ተቅማጥ ከጀመረ

ሰዓት አያባክኑ። የሩዝ እጥበት የመሰለ ተቅማጥ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ የሚገድለውም ሰውነት ስለሚደርቅ ነው። አንዱን ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው እያከታተሉ ይጠጡ፣ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጨው አያብዙ። ለሕፃን ጡት አይቋረጥ።

8. ከተመለሱ በኋላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወባ ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይታ ነው የምትታየው፤ ስለዚህ ትኩሳቱ የሚነሳው ሥራ ገብተው ጉዞውን ሲረሱት ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ትኩሳት ሁሉ «ታይፎይድና ታይፎስ» ይባላል። ካርድ ሲያወጡ የት እንደነበሩና መቼ እንደተመለሱ ይናገሩ፣ ለወባ የደም ምርመራ ይጠይቁ። ውጤቱ ነጻ ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገም። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ በጥር ለያዘዎት ትኩሳትም የመስከረሙን ጉዞ ለሐኪሙ ይንገሩ።