አረንጓዴው ድንጋይ አልበላም ሲል

ግራይንደር ላይ ያለው አረንጓዴ ድንጋይ ሲሊከን ካርባይድ ነው። ጥቁርም አለ። ሰው ሁሉ «ድንጋዩ ፎርጅድ ነው» ይላል እንጂ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት የሚያነብ ጥቂት ነው። «ጂሲ» ካለ አረንጓዴው ነው፣ «ሲ» ካለ ጥቁሩ። «ኤ» ካለ ግን ሌላ ዘር ነው፤ አሉሚኒየም ኦክሳይድ።

ብረት ስስልበት ቶሎ ይዶለዱማል፣ ብረቱም ይጠቁራል

ይሄ ዋናው ስሞታ ነው። ሲሊከን ካርባይድ ሞስ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ (ጣሪያው 10 ነው) ከ9 በላይ ነው፤ ከብረት እጅግ ይጠነክራል። ታዲያ ለምን ይሸነፋል? መፋጫው ቦታ ላይ ሙቀቱ ሲያይል ብረት ካርቦን ይስባል። የድንጋዩ ፍሬ፣ ማለትም የሚቆርጠው ቅንጣት፣ ደግሞ ከአተሞቹ ግማሹ ካርቦን ነው። ሹሉ ጫፍ ከብረቱ ጋር ይዋሃድና ያልቃል። ካስት አይረን ላይ ግን ችግር የለም፤ እሱ ቀድሞውኑ ካርቦን የጠገበ ነው።

መፍትሄ፦ መሰርሰሪያ፣ መሮና ተራ ብረት ወደ «ኤ» ድንጋይ ይሂዱ። አረንጓዴው ለቶርኖ ካርባይድ ጫፍ (ተንግስተን ካርባይድ ነው)፣ ለመስታወትና ለሴራሚክ ይቀመጥ።

ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ያፏጫል

ፍሬዎቹ ደንዝዘዋል፣ ማጣበቂያው ግን አልለቅም ብሏቸዋል። ጤነኛ ድንጋይ የደነዘዘውን ፍሬ ጥሎ አዲሱን ያወጣል። ፊቱን በአልማዝ መላጫ ግፈፉት። ደግሞ ከተመለሰ፣ ቀጣዩን ስትገዙ የጥንካሬ ፊደሉን ዝቅ አድርጉ። ይሄ ፊደል ከዘሩ ፊደል የተለየ ነው፤ ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ይሄዳል፣ «ዜድ» በጣም ጠንካራው። የሚሳለው ነገር ሲጠነክር ለስለስ ያለ ድንጋይ ይመረጣል። የተገላቢጦሽ ቢመስልም ልክ ነው።

የካርባይድ ጫፉ ይሰነጠቃል

ጋለ ብላችሁ ውሃ ውስጥ ነክራችሁት ይሆናል። አትንከሩ፤ በአየር ይቀዝቅዝ። አጥብቃችሁም አትጫኑ። አቧራው ኮባልት ስላለው ማስክ ይደረግ።

ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል

አጥፉት። አውጡና በጣት አንጠልጥላችሁ በእንጨት እጀታ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ፣ ተሰንጥቋልና ሰብራችሁ ጣሉት። ውድ ነው ተብሎ የሚቆጠብ ነገር አይደለም። ድምፁ ጥሩ ከሆነ ፊቱን አስተካክሉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የዙር ገደብም ከሞተሩ በላይ መሆኑን እዩ።

ማቅለጫው ድስት በመጀመሪያው እሳት ተሰነጠቀ

ናስና አሉሚኒየም የሚያቀልጡ ሰዎች የሚያውቁት ጥቁር ክሩሲብል ውስጥም ይኸው ሲሊከን ካርባይድ አለ። እሳት አይፈራም፤ እርጥበት ግን ይፈራል። መጋዘን ውስጥ ሲከርም እርጥበት ይስባል። ድንገት ከጋለ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይቀደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀስ ብላችሁ አሙቁት፣ ደረቅ ቦታም አስቀምጡት።

እርጥበት ከሌለና አሁንም ከተሰነጠቀ አሞላላችሁን እዩ። ቁርጥራጩ ጠብቆ ከተጠቀጠቀ፣ ብረቱ ሲግል ይሰፋና ግድግዳውን ይገፋል፤ ላላ አድርጋችሁ ሙሉ። የተረፈውንም ቅልጥ ውስጡ እንዲረጋ አትተዉ፣ ገልብጣችሁ አውጡት።