የአያቶቻችንን የልደት ዘመን ስትመዘግቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የዘር ሐረጋቸውን ለመጻፍ የሚነሡ ወጣቶች እየበዙ መምጣታቸው ደስ ያሰኘኛል። መዝገባቸውን ስገልጥ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ ጃንዋሪ 1። አያትየው ጃንዋሪ 1፣ ታናሽ ወንድማቸው ጃንዋሪ 1፣ አክስታቸውም ጃንዋሪ 1። እባካችሁ ይህን ተዉት።

ቀኑ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በስደት አሜሪካ የገባ ሰው ትክክለኛ ቀኑን ካላወቀ ፎርሙ ባዶ እንዳይቀር ጃንዋሪ 1 ይሞላለታል። እስራኤል የገቡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም ዕድሜያቸው በግምት ነው የተጻፈው፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲጓጓዝ የልደት ወረቀት የያዘ ስንት ይሆናል? አገር ቤትም ቢሆን የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት) ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ሰው ቀኑ ከነወሩ ከነዓመቱ ተጽፎ ካገኛችሁት መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህን ማን ነገረ?» ብላችሁ ነው። የመታወቂያውን ቀን «መታወቂያው ላይ እንዲህ ይላል» ብላችሁ ጻፉት። «ተወለዱ» በሚለው ቦታ ግን አታስገቡት።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። የልጅ ልጅ የአያቷን ጃንዋሪ 1 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳ «ታህሳስ 22 ቀን 1932 ዓ.ም.» ብላ ጻፈች። አሁን ቀኑ የአገር ቤት ልብስ ለበሰ፤ ከፎርም የመጣ መሆኑ ጠፋ። ዘመዷ ይህን አይቶ፣ የአያትየው የክርስትና ስም ወለተ ገብርኤል ስለሆነ፣ «ለታህሳስ ገብርኤል ቅርብ ስለተወለዱ ነው» የሚል ማብራሪያ ጨመረበት። ሁሉም አመነ። በሕይወት ያሉት እህታቸው ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ሌላ ሆነ፦ «ኧረ እሷስ የግንቦት ልደታ ሰሞን ነው የተወለደችው፤ እናቴ ንፍሮ ስትቀቅል ነው ምጥ የያዛት።» ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ከግንቦት 1 ስትቆጥሩ 80ኛው ቀን ሐምሌ 20 ላይ ይውላል፤ ሐምሌ 19 ደግሞ ገብርኤል ነው። ስሙ የመጣው ከዚያ መሆኑ በጣም ያስኬዳል። ቀኑን የሚጠቁመው ማስረጃ ከመጀመሪያውም በእጃቸው ነበር፤ የፎርሙ ቀን ሸፈነባቸው። (ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ነው፤ የክርስትና ስም ያላችሁ ሁሉ ይህን ሒሳብ ሞክሩት። ስሙ የተወለዱበትን ቀን ተከትሎም ሊሆን ይችላልና ሁለቱንም ያዙ።)

የዘመን አቆጣጠሩን ሳይገልጹ ዓመት መጻፍም ሌላው ነው። «1945» ብሎ ነገር የለም፤ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? አንዱ 8 ይጨምራል፣ ሌላው የተጨመረበት ላይ ደግሞ 8 ይጨምራል፣ እናት ከልጇ ታንሳለች። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታህሳስ 20ዎቹ መጀመሪያ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ወሩ ያልታወቀ 1945 ዓ.ም. ወደ ውጭው ሲመለስ «1952 ወይም 1953» እንጂ አንዱ ብቻ አይሆንም። የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ጌድኮም የሚባለው ደንብ የግሪጎርያን፣ የጁልያን፣ የዕብራውያንና የፈረንሳይ አብዮትን አቆጣጠር ያውቃል፤ የእኛን አያውቅም። የነገሯችሁን እንዳለ ማስታወሻው ቦታ ላይ ጻፉ፤ የተመለሰውን በቀኑ ቦታ «ገደማ»፣ «በፊት»፣ «በኋላ» ወይም «በዚህና በዚህ መካከል» በሚለው ምርጫ አስገቡ፤ ፕሮግራሞቹ ይህን ይቀበላሉ።

«ጣሊያን ሲገባ» ያላችሁን ሁሉ 1928 ብላችሁ አትለፉ። የት ሲገባ? ጦሩ መረብን የተሻገረው በመስከረም 1928 ነው፤ አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ደረሰ፤ ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ የገባው ግን ህዳር 1929 ነው። የኢሉባቦር ሰው «ጣሊያን ሲገባ ተወለድኩ» ካለና የአድዋ ሰው እንዲሁ ካለ፣ በመካከላቸው ከዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ሲወጣም እንደዚያው፦ አዲስ አበባ በ1933 ነፃ ስትወጣ ጎንደር እስከ ህዳር 1934 ቆይታለች። «በክፉ ቀን» የሚለው ደግሞ ከ1880 ጀምሮ ዓመታት የዘለቀ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ዓመት አትቁረጡ። የህዳር በሽታ ግን 1911 ነው፤ ያንን ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

ዓመቶቻችን በየተራ የሚሰየሙባቸውን አራቱን ወንጌላውያን መናቅ በጣም ያሳዝነኛል። ዓመቱን የማያውቁ እናት «ማርቆስ ነበር» ሲሉ ወጣቱ «እሱን ተዉት፣ ዓመቱን ይንገሩኝ» ይላል። ነገሩት እኮ! በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። እኚያ እናት ጣሊያን ሲገባ ገና ይታዘሉ ከነበረ፣ ዘመነ ማርቆስ የሚሆኑት 1918፣ 1922 እና 1926 ስለሆኑ፣ የሚስማማው 1926 ነው። ጳጉሜ 6 ተወለድኩ የሚል ካገኛችሁም ዓመቱ ሉቃስ መሆን አለበት።

አጫጭሮቹን ልጨርስ። በብራና ላይ 7,000 አልፎ የሚሄድ ቁጥር ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር) ነው፤ 5500 ቀንሱለት። 60፣ 70፣ 80 የሚሉ ድፍን ዕድሜዎች ግምት ናቸው። የተማሪ ቤት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ተቀንሶ የተሰጠ ነው። ሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ «በረመዳን» ከተባላችሁ «ክረምት ነበር በጋ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ ወቅቱ ዓመቱን ያጠብላችኋል፤ ለምሳሌ ከ1937 እስከ 1940 ዓ.ም. ሐምሌና ነሐሴ አካባቢ ይውል ነበር።

አዛውንትን «መቼ ተወለዱ?» ብሎ መጠየቅም ጊዜ ማባከን ነው። «እማማ፣ እርስዎን ማን አዘለዎት? እርስዎስ ማንን አዘሉ?» በሏቸው። የልጆቹ ቅደም ተከተል አንዴ ከተገኘ፣ የአንዱ ዓመት የሌላውን ከላይና ከታች ይወስነዋል።

ሁለት ዘመዶች የተለያየ ሲነግሯችሁ ደግሞ አማካዩን አትውሰዱ፤ የታላቅየውንም ብቻ መርጣችሁ ሌላውን አትሰርዙ። «1926 ገደማ፤ ጣሊያን ሲገባ ይታዘሉ ነበር፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ታናሽ እህታቸው እንዳሉት። የወንድማቸው ልጅ ግን 1929 ይላል፣ ከአባቱ የሰማው።» ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ የነገሯችሁ ሰዎች ስምና የነገሯችሁ ቀንም ከሥሩ ይግባ።