ውጭ አገር ስትወጡ ሲም ካርድ ወይስ ኢሲም? ከወሎ ለሚነሳ ሰው ችግርና መፍትሄው

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከከሚሴ ወደ ውጭ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ዱባይ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄድ ነጋዴ አለ። ለሐጅና ለዑምራ የሚነሱ እናትና አባቶች አሉ። ሳዑዲ ለሥራ የምትሄድ እህት አለች፤ ህንድ ለሕክምና የሚሄድም አለ። ከመነሳታቸው በፊት ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ እዚያ ስደርስ ሲም ልግዛ ወይስ ይሄን ኢሲም የሚሉትን ከዚሁ ላስጭን?

የኔ መልስ አጭር ነው። ለጥቂት ቀን ከሆነና ስልካችሁ ከተቀበለ ኢሲም ይሻላል። ለወራት ወይም ለዓመታት ከሆነ የዚያው አገር ሲም ይሻላል። በሁለቱም ግን የኢትዮጵያ ቁጥራችሁ ከስልኩ መውጣት የለበትም። ሰው የሚቸገረው ከምርጫው በኋላ ነው። አብዛኛው ችግር ደግሞ ደሴ እያላችሁ የሚፈታ ስለሆነ ጅዳ ኤርፖርት ደርሳችሁ እንዳትሯሯጡ አሁን እንየው።

ለማያውቀው፦ ኢሲም ስልኩ ውስጥ አብሮ ተሠርቶ የሚመጣ ቺፕ ነው። የሚገባ የሚወጣ ካርድ የለውም። ኩባንያው የሚልክላችሁን ኪውአር ኮድ ስታነሱት መስመሩ ስልኩ ላይ ይጫናል፤ በቃ።

«ስልኬ ላይ ኢሲም የሚል ነገር የለም»

መጀመሪያ *#06# ብላችሁ ደውሉ። የስልኩ መለያ ቁጥሮች ይወጣሉ። ከመካከላቸው ኢአይዲ የሚል ባለ 32 አሃዝ ቁጥር ካለ ስልኩ ኢሲም ይቀበላል። ከሌለ አይቀበልም፤ በማዘመንም በጥገናም አይመጣም። ዋጋቸው ዝቅ ያሉት አብዛኞቹ ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ስልኮች የላቸውም። ለቻይና ገበያ የተሠሩ አይፎኖችም ለዓመታት ያለ ኢሲም ነው የተሸጡት፤ በምትኩ ሁለት ካርድ ይይዛሉ። ስለዚህ «አይፎን ነው፣ ይኖረዋል» ብላችሁ ብር እንዳትከፍሉ።

መፍትሄው ቀላል ነው፤ ሲም ካርድ ግዙ። ስልካችሁ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ የኢትዮጵያው አንደኛው ላይ ይቀመጣል፣ የደረሳችሁበት አገር ሲም ሁለተኛው ላይ ይገባል። ለዚህ ብሎ ስልክ መቀየር አያስፈልግም።

ተቃራኒው ችግርም መጥቷል። ዘመድ የላከው ስልክ ሲም ማስገቢያ የለውም። አሜሪካ የተሸጡ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ ማስገቢያ የላቸውም። አይፎን 17 ደግሞ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባህሬንና ኦማን የሚሸጠውም እንደዚያው ሆኗል። ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው፤ ስልክ በብዛት የሚመጣልን ከእነዚሁ አገሮች ነውና። እንዲህ ያለ ስልክ ከያዛችሁ የኢትዮጵያ መስመራችሁን ራሱን ወደ ኢሲም ማስቀየር አለባችሁ። ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎቱ አለው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሂዱ፤ ለመንገድ ሦስት ቀን ሲቀር ሳይሆን ቀደም ብላችሁ። ከአይፎን 13 ጀምሮ ሁለት ኢሲም አንድ ላይ ስለሚሠራ የአገር ቤቱም የእንግዳውም ይገባሉ።

«ሲም አይደገፍም ይለኛል»

ስልኩ ተቆልፏል ማለት ነው። አሜሪካ ወይም ሌላ አገር በወር በወር ክፍያ የተወሰደ ስልክ ዕዳው እስኪያልቅ ለሸጠው ኩባንያ መስመር ብቻ ነው የሚሠራው። አይፎን ላይ በሴቲንግ ውስጥ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ግቡና ካሪየር ሎክ የሚለውን እዩት። የሲም ገደብ የለም የሚል ካልሆነ ተቆልፏል።

«የኢትዮ ሲም እየሠራበት ነው እኮ» ትሉ ይሆናል። እዚህ ጋ ልብ በሉ። ገበያ ላይ ከሲሙ ስር ቀጭን ቺፕ ተደርጎባቸው የተከፈቱ የሚመስሉ ስልኮች አሉ። ቺፑ ስልኩን ያታልላል እንጂ ቁልፉን አይፈታም፤ የውጭ ኢሲም ስትጭኑበት ያኔ እውነቱ ይወጣል። ሲሙን አውጡና ከስሩ ተለጣፊ ነገር ካለ እዩ። ትክክለኛው መፍትሄ ስልኩን የገዛው ዘመድ ዕዳውን ጨርሶ ኩባንያውን «ክፈቱልኝ» ብሎ መጠየቁ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ግን ሌላ ስልክ ያዙ፤ በተቆለፈ ስልክ መንገድ መውጣት ልፋት ነው።

«ኪውአር ኮዱ አልነሳ አለ»

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፦ የተጓዥ ኢሲም የሚከፈለው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ውጭ ያለ ወንድም ይገዛና ኮዱን በቴሌግራም ይልካል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ኮዱ ያለው ራሱ የሚጫንበት ስልክ ላይ ስለሆነ ካሜራው እንዴት ያንሳው? በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍታችሁ አንሱት፣ ወይም ወረቀት ላይ አሳትሙት። ያም ካልሆነ ከኮዱ ጋር የሚመጣውን የአገልጋይ አድራሻና የማንቂያ ቁጥር በእጅ ማስገባት ይቻላል፤ አይፎንም አንድሮይድም ቦታው አላቸው።

ኮዱ ተነስቶ «አያገለግልም» ካላችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ተጭኖ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ኮዶች አንዴ ብቻ ነው የሚሠሩት። ወንድማችሁ «ልሞክረው» ብሎ በራሱ ስልክ ከጫነው አለቀ፤ ከኩባንያው አዲስ መጠየቅ አለበት። የተጫነውን ኢሲም «ሌላ ጊዜ እጭነዋለሁ» ብሎ ማጥፋትም ያው ነው። አታጥፉት፤ መስመሩን ብቻ ኦፍ አድርጉት።

ሲጫን ደግሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስለዚህ ቤት ወይም ካፌ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑት። የአንዳንዱ ጥቅል ቀን የሚቆጠረው ከተጫነበት፣ የሌላው ደግሞ ኔትወርክ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ስትገዙ እሱን አንብቡ። ቱርክ ለምትሄዱ ይህ ግዴታ ነው። ከ2025 ክረምት ጀምሮ የብዙ ኢሲም ሻጮች ድረ ገጽ ቱርክ ውስጥ ሆኖ አይከፈትም፤ ኢስታንቡል ደርሼ እገዛለሁ ያለ ሰው ይቸገራል።

«ተጭኗል፣ ኔትወርክም ይዟል፣ ኢንተርኔት ግን የለም»

ይህ ከሁሉም የተለመደው ነው። ሰውም የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዳታ ሮሚንግ የምትባለው አንዲት ማብሪያ ናት። ሰው ሁሉ «ሮሚንግ እንዳትከፍት፣ ብር ይበላል» ተብሎ ስለተመከረ ዘግቶ ነው የሚሄደው። ምክሩ ለኢትዮጵያ ሲማችሁ ልክ ነው። የተጓዥ ኢሲም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሦስተኛ አገር መስመር ነው፤ የደረሳችሁበት አገር ኔትወርክ ላይ በእንግድነት ነው የሚሠራው። ሮሚንጉ ካልተከፈተለት ዳታ አይሰጥም። ቀድማችሁ ስለከፈላችሁ ሌላ ነገር አይቆርጥም። ማብሪያው ለየመስመሩ ለየብቻ ስለሆነ የኢሲሙን ክፈቱ፣ የኢትዮጵያውን ዝጉ።

ይህን አድርጋችሁም ካልሠራ፣ ዳታ የሚወስደው መስመር ኢሲሙ መሆኑን እዩ፤ ስልኩ አሁንም የአገር ቤቱን መርጦ ይሆናል። ቀጥሎ ሻጩ የላከውን ኤፒኤን፣ ማለትም ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበትን ስም፣ ፊደል ሳትሳሳቱ አስገቡ። ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ አብርታችሁ አጥፉ፣ ወይም ስልኩን ዘግታችሁ ክፈቱ። አሁንም እምቢ ካለ አውቶማቲክ የሚለውን አጥፉና ከሚመጡት ኔትወርኮች ሌላውን በእጅ ምረጡ። በመጨረሻ ጥቅሉ የደረሳችሁበትን አገር ያካትት እንደሆነ አረጋግጡ። «እስያ» የሚል ጥቅል ሁሉ ሳዑዲን አይጨምርም፤ የአገሮቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ማየት ነው።

ሐጅ ላይ ያላችሁ ግን ሚና ወይም ዐረፋ ላይ ኔትወርክ ቢደክም ሴቲንጉን አትነካኩ። ከሕዝቡ ብዛት ነው። አጭር መልእክት ከጥሪ ይልቅ ቶሎ ያልፋል፤ ደሴ ያለው ቤተሰብም ጥሪ አልገባም ብሎ እንዳይጨነቅ ቀድማችሁ ንገሩት።

«ካርዴን ሙልጭ አድርጎ በላው»

የኢትዮጵያ ሲም ዳታ ሮሚንግ ተከፍቶ ነው። አይፎን ላይ ደግሞ አንዱ መስመር ሲደክም ወደ ሌላው ዳታ እንዲያዞር የሚፈቅድ ማብሪያ አለ፤ እሱንም አጥፉት።

«ከባንክ፣ ከቴሌብር ኮድ አልመጣም»

ነጋዴውን የሚያስለቅሰው ይሄ ነው። ዱባይ ደርሶ ዕቃ መርጦ ገንዘብ ሊያንቀሳቅስ ሲል ማረጋገጫው የሚሄደው አገር ቤት ቁጥሩ ላይ ነው። ቁጥሩ ያለበት ሲም ደግሞ ወጥቶ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ገብቷል፣ ወይም ስልኩ ላይ ቢኖርም ሮሚንግ ስላልተከፈተለት የውጭ ኔትወርክ አይይዝም። የተጓዥ ኢሲም አብዛኛው ዳታ ብቻ እንጂ ስልክ ቁጥር ስለሌለው ኤስኤምኤስ አይቀበልላችሁም።

ከመነሳታችሁ በፊት መስመራችሁ ለሮሚንግ ክፍት መሆኑንና የምትሄዱበት አገር ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ ሂሳብም ሙሉበት። ዳታው ተዘግቶ ሲሙ ኤስኤምኤስ ለመቀበል ብቻ ስልኩ ላይ ይቀመጥ። ኢሲም የምመርጠው ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፤ አንድ ሲም ብቻ የሚይዝ ስልክ ላይ እንኳ የአገር ቤቱን ካርድ ሳያስወጣ ይገባል። ዋትሳፕ ወይም ኢሞ «ቁጥርህ ተቀይሯል፣ ላዘምን?» ካላችሁ እምቢ በሉ። ያው የድሮው ቁጥር ይቆያል።

ለረጅም ጊዜ የምትቆዩም ይህን መስመር አትርሱት። ሂሳብ ሳይሞላበት ብዙ የቆየ ቁጥር ይዘጋና ኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቤተሰብ ከዚህ ሆኖ በየጊዜው ይሙላበት።

«ኢንተርኔት አለኝ፣ ዋትሳፕ ግን አይደውልም»

የደረሳችሁት ዱባይ ወይም ሌላው የኤምሬትስ ከተማ ከሆነ ስልካችሁ አልተበላሸም። እዚያ በኢንተርኔት መደወል የሚቻለው ፈቃድ ባላቸው መተግበሪያዎች ብቻ ነው። ጽሑፍና የድምጽ መልእክት ይሄዳል፣ ጥሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይያያዝም። ቦቲም የሚባለው የመደወያ መተግበሪያ ፈቃድ አለው፤ ቤተሰባችሁም ስልካቸው ላይ ቀድመው ይጫኑት። ቪፒኤን ጫን የሚላችሁ አይጠፋም፤ በዚያ አገር ሕግ የተከለከለን ነገር በቪፒኤን መሥራት ከባድ ቅጣት ስላለው አልመክርም።

ቻይና፣ ጓንዡ ለሚሄድ ደግሞ የሲሙ ምርጫ እዚህ ላይ ይወሰናል። የቻይና ሲም ከገዛችሁ ዋትሳፕም፣ ቴሌግራምም፣ ጉግልም፣ ፌስቡክም አይከፈትም። የውጭ አገር ኢሲም ወይም ሮሚንግ ግን ዳታው በኩባንያው አገር በኩል ዞሮ ስለሚወጣ ይከፍታል። ለአጭር የንግድ ጉዞ ቻይና ላይ ያለ ጥርጥር ኢሲም እላለሁ።

«ሲም ገዛሁ፣ አይሠራም» ወይም «ሲሠራ ቆይቶ ተዘጋ»

ሳዑዲ ሲም የሚሰጠው በጣት አሻራና በፓስፖርት ነው። ኤርፖርቱ ላይ ኤስቲሲ፣ ሞቢሊና ዜይን ይሸጣሉ፤ እዚያው ሥርዓቱን ጨርሳችሁ፣ ደውላችሁ ሞክራችሁ ውጡ። ህንድ ለውጭ ሰው ሲም እስኪከፈት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀን ይወስዳል። በሽተኛ ይዛችሁ የምትሄዱ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ኢሲም ብትይዙ ከሆስፒታሉ ጋር ሳትጠፋፉ ትገናኛላችሁ። ቱርክ ደግሞ ከውጭ በመጣ ስልክ የቱርክ ሲም ከተጠቀማችሁ 120 ቀን ሲሞላው ግብር ከፍላችሁ ካላስመዘገባችሁት ስልኩ ይዘጋል።

ሳዑዲ ለሥራ የምትሄጂ እህቴ፣ አንቺን ለብቻ ላናግርሽ። ለአንቺ ኢሲም አልመክርም። ስልክ ሲሰበር ካርዱን አውጥቶ ጓደኛ ስልክ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ኢሲም ግን ከተሰበረው ስልክ ጋር ይቀራል፣ ለማስመለስም ኩባንያው ጋ መሄድ ወይም ኢንተርኔት ማግኘት ይጠይቃል። ሁልጊዜ መውጣት የማትችይበት ቤት ከሆነ ይሄ ከባድ ነው።

ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ጠይቂ። በደላላ ወይም በአሠሪ ስም ከሆነ ቁጥሩ የእነሱ ነው፤ ሲፈልጉ ያዘጋሉ፣ ምትክ ያወጣሉ፣ ወደዚያ ቁጥር የሚላከው ኮድም በእጃቸው ይገባል። ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) እንደወጣ በራስሽ ስምና አሻራ ሲም አውጪ፤ እስከዚያ ኢሞሽንም ዋትሳፕሽንም በኢትዮጵያ ቁጥርሽ ያዢ። የእናትሽን፣ የወንድምሽንና ሪያድ ያለውን ኤምባሲ ወይም ጅዳ ያለውን ቆንስላ ቁጥር ከነኮዱ፣ 251 እና 966 ጨምረሽ፣ በወረቀት ጽፈሽ ከልብስሽ ጋር አስቀምጪ። ስልኩ ቢወሰድብሽም ቁጥሩ አይወሰድም።

«ተመለስኩ፣ ስልኩ ደግሞ እዚህ አልሠራ አለ»

ቦሌ ስትደርሱ ዳታውን ወደ ኢትዮጵያ ሲም መልሱ፤ ስልኩ አሁንም ቀኑ ያለፈበትን ኢሲም እየፈለገ ነው። ኢሲሙን ማጥፋት የምትችሉት ያኔ ነው፤ ድጋሚ የምትሞሉት ዓይነት ከሆነ ግን ኦፍ አድርጋችሁ ተዉት። አዲስ ስልክ ይዛችሁ ከመጣችሁ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት በራሳችሁ ሲም ሞክሩት፤ እዚህም ማስመዝገብ ያስፈልግ እንደሆነ ኢትዮ ቴሌኮምን ጠይቁ።